የጩጬ ገጽ የት ይዛወር?

ጥር 12

ይድረስ ለአባባ፤

ሰላምታውን ላሳጥረው። ስልክ በደወልኩ ቁጥር «ደህና ነን፣ ደህና ነን» ብለው ስለሚዘጉብኝ ደህንነታችሁን በቃሌ ይዤዋለሁ። እኔም ደህና ነኝ። ሥራው ያው ነው፤ የአየር ማረፊያው ምድር ቤት ተቀምጬ ሻንጣ የጠፋበት ሰው ሁሉ ሲጮህብኝ እውላለሁ። በወረቀት የምጽፍልዎ ይህን ነገር በስልክ ብጀምረው ሳልጨርሰው እንደሚዘጉት ስለማውቅ ነው። ይቅርታ፣ ግን ራስዎም ያውቁታል።

ነገሩ የጩጬ ብሎግ ነው። እርስዎ «ጦማር በይ» ይሉኛል፤ እሺ፣ ጦማሩ ነው። ጽሑፎቹን ያኖረበት ድርጅት ሊዘጋ ነው። ትናንት ገጹን ስከፍት ከላይ በቀይ ማስታወቂያ ለጥፈዋል፤ እስከ ሰኔ 30 ያላዛወረ ሰው የጻፈው በሙሉ ይጠፋል ይላል። የአራት ዓመት ሥራው ነው፤ መቶ አሥራ ስድስት ጽሑፍ። ሲቆፍር የነበረው ዋሻ ከተናደበት ወዲህ ከወንድሜ እጃችን ላይ የቀረው ይኸው ብቻ ነው። አስከሬኑን አላወጡልን፣ መቃብር የለው። እማማ እንኳ ልታለቅስ ሲያምራት «አንብቡልኝ» ነው የምትለው። ይህም ከጠፋ ልጁ ጭራሽ እንዳልተወለደ ነው።

ስለዚህ ሌላ ቤት እንምረጥለት። ሳምንቱን ሙሉ ሳጣራ ሰንብቼ ሁለት ቀርተውኛል። አንደኛው ነጭ ነው፤ ጽሑፍ ብቻ፣ ንጹሕ፣ ሌላ ኮተት የለበትም። አንባቢ ከሥር አስተያየት አይጽፍበትም፤ ድሮ የተጻፈውንም አስተያየት አይቀበልም። ሁለተኛው ሁሉንም እንዳለ ይወስዳል፤ ጽሑፉን፣ ፎቶውን፣ ቀኑን፣ ሰዎች የጻፉለትን፣ እሱም የመለሰላቸውን። መልኩ ግን ዝርክርክ ያለ ነው። በራሳችን ስም የምናቆመውም ነበር፤ እሱን ተውኩት። እኔን አንድ ነገር ቢያገኘኝ የሚያየው ሰው የለም።

የቱም ቢሆን ያለ የይለፍ ቃሉ አይሆንም። ጩጬ የይለፍ ቃሎቹን የሚጽፍባት ሰማያዊ ደብተር ነበረችው፤ ክፍሉ ውስጥ፣ የጠረጴዛው መሳቢያ ውስጥ ናት። እባክዎ አውጥተው ይላኩልኝ። ሠላሳ ዓመት አሳታሚ ቤት ቁጭ ብለው የሰው ድርሰት ሲገመግሙ የኖሩ ሰው ነዎትና ስለ ምርጫውም የሚሉት አይጠፋም። ኮምፒውተር እንደማይነኩ አውቃለሁ፤ ያልገባዎትን ይጠይቁኝ፣ እኔ በቃል አስረዳዎታለሁ።

እማማን ይሳሙልኝ።

ልጅዎ


የካቲት 3

ልጄ፤

ደብዳቤሽ በአሥራ ስድስተኛው ቀን ደረሰኝ። ስልክ የምዘጋው ጠልቼሽ አይደለም፤ ስልክ ላይ ሰው የሚናገረው ሳይታረም ስለሚወጣ ነው። እናትሽ ደህና ናት። ዓይኗ ያው ነው፤ ቀኙ ጥላ ጥላ ያያል፣ ግራው እሱንም ትቷል። እኔም ጉልበቴን ይዞኝ ደረጃውን እየተነጫነጭኩ እወጣለሁ።

ወደ ነገራችን እንምጣ። ነጩን ምረጪ። የሚያከራክር ነገር አላየሁበትም። ጽሑፍ ጽሑፍ ነው፤ መንገደኛው ሁሉ እየመጣ ከሥሩ የሚጥለው ነገር የድርሰቱ አካል አይደለም። እኛ መጽሐፍ ስናሳትም የገምጋሚዎቹን ቃል ከጀርባው አንጠርዝም ነበር። ገምጋሚ ስሙን አይጽፍም፣ ደራሲውም ማን እንደገመገመው አያውቅም፣ ሥራው ሲያልቅ ወረቀቱ ይቀደዳል። ተፈትኖ የኖረ አሠራር ነው። ያን ግራጫ ሳጥን በየጽሑፉ ሥር ጎትቶ ማዛወር ለማን ምን ይረባል? ወንድምሽ የጻፈው በራሱ ይቁም።

ደብተሯን ፈልጌ አጣኋት። መሳቢያው ውስጥ ያለው እጀታው የተሰበረ መነጽር፣ ሁለት የደረቀ እስክሪብቶና የቅጥር ወረቀቱ ግልባጭ ነው። እንደገና አያለሁ። ክፍሉ ውስጥ ብዙ መቆየት አልወድም። እናትሽ ኮቴዬን ሰምታ «እሱ ነው?» ትላለች። ታውቃለች እኮ፤ አፏ ነው የሚቀድማት።

እሑድ እሑድ አምና አትመሽ የላክሽልንን አነብላታለሁ። የዝናቡን ጽሑፍ አምስት ጊዜ አስነብባኛለች። ስጨርስ ሁልጊዜ «ሰው ምን አለው?» ትላለች። እኔም «ምንም አላሉትም፣ አንብበው ዝም አሉ» እላታለሁ። ከዚያ ወደ ግድግዳው ትዞራለች።

አባትሽ


የካቲት 21

ለአባባ፤

ከከረምኩበት ይቅርታ። ሁለት የሥራ ባልደረቦቼ ታመው የእነሱንም ፈረቃ ተሸክሜ ነበር። ጉልበትዎን የሚያይልዎ ሰው ጋ ይሂዱ፤ ደረጃውን ብቻ አይውቀሱት።

ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ሳጥኑ ግራጫ መሆኑን ከመቼ ወዲህ ነው ያወቁት? ኮምፒውተር አይቼ አላውቅም የሚሉ ሰው። እማማ ነገረችኝ እንዳይሉኝ ዓይኗን ራስዎ ጽፈውልኛል።

ደግሞ ለምንድን ነው «ምንም አላሉትም» የሚሏት? እኔ ያተምኩላችሁ ወረቀት እንዳይበዛ አስተያየቶቹን አስቀርቼ ነው እንጂ፣ ከሦስት መቶ በላይ ሰው ጽፎለታል። አንድ የጭነት መኪና ሹፌር የዝናቡን ጽሑፍ አንብቦ መኪናውን መንገድ ዳር አቁሞ እናቱ ጋ እንደደወለ ጽፎለታል። አንዲት ነርስ ተረኛ በሆነች ቀን ለበሽተኞቿ እንደምታነብላቸው ጽፋለታለች። እማማ ይህን ሳትሰማ ትሙት? አባባ፣ እኔ የምመርጠው ሁለተኛውን ነው። ጩጬ ሰው ይሰማው እንደነበር የሚናገረው እሱ ብቻ ነው።

አንድ ሰው ብቻ ነው አንጀቴን ያሳረረው። ራሱን «ሦስተኛው አንባቢ» ብሎ ነው የሚጠራው። በዚያው በዝናቡ ጽሑፍ ሥር ምን ብሎታል መሰለዎት? «ዝናቡን ገልጸኸዋል፤ ማንን እንዳበሰበሰ ግን አልነገርከንም።» ሌላ ቦታ ላይ «ይህን የጻፍከው ለመመስገን ነው» ይለዋል። አራት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው፤ አንዲት ደግ ቃል የለችውም። ስሙን ደብቆ ሰው ይወጋል።

ከሁሉም የባሰችው ግን የመጨረሻዋ ናት። ጩጬ የዋሻ ቁፋሮው ሥራ ሲመጣለት ልሂድ ወይስ ማታ ማታ እያስተማርኩ መጻፌን ልቀጥል ብሎ አንባቢዎቹን ጠይቆ ነበር። ሁሉም አትሂድ አሉት። ያ ሰው ብቻ፦ «ሂድ። እስካሁን የጻፍከው በመስኮት ያየኸውን ነው። ሄደህ ሥራ፤ የምትጽፈው ነገር ስታገኝ ተመለስ።» ጩጬም ሰዓት ሳይሞላ መለሰለት፦ «እሺ። እሄዳለሁ። አመሰግንዎታለሁ።» በአምስት ወሩ ዋሻው ተናደ።

ያን ሰው ባገኘው ምን እንደምለው አላውቅም። ዓይኑን ማየት ግን እፈልጋለሁ። የእሱም ቃል ከነስድቡ ይዛወር፤ ሰው ይየው።

ደብተሯን እባክዎ።

ልጅዎ


መጋቢት 10

ልጄ፤

የሳጥኑን ቀለም የላይኛው ፎቅ ጎረቤታችን አንድ ቀን ስልኩ ላይ አሳይቶኝ ነው። ነገር አታብዢ።

ስለዚያ ሰው የጻፍሽውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ተሳድቧል ትያለሽ። እኔ የጠቀስሽው ውስጥ ስድብ አላገኘሁም። ዝናብ ማንን እንዳበሰበሰ ንገረን ማለት ስድብ ነው? እኛ ቤት የማይረባ ድርሰት ሲመጣ «ይመለስ» ብለን አንድ ቃል ጽፈን እንሸኘው ነበር፤ ማንም ጊዜውን አያባክንበትም። ቁጭ ብለን የምንከራከረው ተስፋ ካለው ጋር ነው። በከንቱ ልጅ ጽሑፍ ላይ ሃያ ሦስት ጊዜ የሚመላለስ ሰው የለም። እኔ እንደሚመስለኝ ሰውየው ወንድምሽን ይወደው ነበር። ውዴታውን የሚያወጣበት መንገድ አያውቅም ይሆናል፤ እንዲህ ዓይነት ሰው ሞልቷል።

ሂድ ስላለውም ብቻ ልጁ አልሄደም። ትልቅ ሰው ነበር። ስሙን የማያውቀው መንገደኛ ስለመከረው ብቻ ዋሻ የሚገባ ሰው የለም። ይህን ልብ በይልኝ።

ለጠቅላላ ዕውቀት ያህል አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አስተያየት የሚጽፍ ሰው ስሙን ደብቆ ሲጽፍ ከማን ነው የሚደበቀው? ከሁሉም ሰው ነው? የገጹ ባለቤትስ አያየውም? ስትመርጪ እንዲህ ያለውን ነገር ማወቅ ይጠቅማል ብዬ ነው።

ደብተሯ አሁንም አልተገኘችም። እናትሽ ሰላም ትልሻለች።

አባትሽ


መጋቢት 28

ለአባባ፤

ጥያቄዎ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እኔ ራሴ አላሰብኩትም ነበር። ድርጅቱ ያወጣውን መመሪያ አንብቤ አንድ የሥራ ባልደረባዬንም ጠየቅኩ።

የሚደበቀው ከአንባቢው ነው። አስተያየት የሚጽፍ ሰው መጀመሪያ የኢሜይል አድራሻውን ማስገባት ግዴታው ነው። ገጹ ላይ የሚወጣው ራሱ የመረጠው ስም ነው፤ ባለቤቱ ግን በይለፍ ቃሉ ሲገባ ከእያንዳንዱ ቃል አጠገብ አድራሻውን ቁልጭ አድርጎ ያየዋል። ይህ ዛሬ የመጣ ነገር አይደለም፤ ጩጬ ገጹን ከከፈተበት ቀን ጀምሮ እንዲሁ ነበር።

ይህን ሳነብ ምን አሰብኩ መሰለዎት? ጩጬ ሰውየውን ያውቀው ነበር ማለት ነው። ስሙ የማይታወቅ መንገደኛ አልነበረም። አራት ዓመት ሙሉ ማን እንደሆነ እያየ ዝም አለ፣ ለእኔም አልነገረኝም። ከእኔ የሚደብቀው ነገር እንዳልነበረው ያውቃሉ። የሚያከብረው ሰው ቢሆን ነው፤ አስተማሪው ወይም አለቃው ይሆን እያልኩ ነገሩ ሲከነክነኝ ሰነበተ።

አሁንማ ደብተሯ የግድ ናት። አልጋውን ገልብጣችሁ ፈልጉ። ሦስት ወር ነው የቀረን።

ልጅዎ


ግንቦት 19

አባባ፤

ሁለት ወር ሊሞላ ምን ቀረው? ስደውል እማማ ታነሳለች፤ «አባትሽ ተኝቷል» ትለኛለች። በቀትር ተኝቷል፣ በማለዳ ተኝቷል። አሞዎት ከሆነ ይንገሩኝ። አስቀይሜዎት ከሆነም ይቅር ይበሉኝ፤ በምን እንደሆነ ግን አላወቅኩም።

ሰኔ 30 ደረሰ። ነጩን እፈልጋለሁ ካሉ ነጩ ይሁን፤ አልከራከርዎትም። አስተያየቱ ቀርቶ የራሱ ቃል እንኳ ይትረፍ። የይለፍ ቃሉን ብቻ።

ልጅዎ


ሰኔ 2

ልጄ፤

አላመመኝም። እናትሽን ተኝቷል በይ ያልኳት እኔ ነኝ።

ደብተሯ ጠፍታ አታውቅም። የመጀመሪያው ደብዳቤሽ የደረሰ ቀን ከመሳቢያው አውጥቼ ኮት ኪሴ ውስጥ ከተትኳት፤ እስከ ዛሬ እዚያው ናት። የይለፍ ቃሉን ከዚህ ወረቀት ጀርባ ገልብጬልሻለሁ።

ስትገቢ የምታገኚውን አድራሻ ከእኔ ስሚው። ስሜ ከነአባቴ ስም ነው፣ ከኋላው የተወለድኩበት ዓመት አለበት። ከፖስታ ቤቱ አጠገብ ያለችው ኢንተርኔት ቤት ባለቤት ናት ያወጣችልኝ። ስምህ ማነው አለችኝ፣ ነገርኳት፤ መቼ ተወለድክ አለችኝ፣ ነገርኳት። ገጹ ላይ ግን «ሦስተኛው አንባቢ» ብቻ ሲወጣ አይቼ ተደብቄያለሁ ብዬ አመንኩ። እኛ ቤት አንድን ድርሰት ሦስት ሰው ያነበው ነበር፤ ሁለቱ ካልተስማሙ የሚቆርጠው ሦስተኛው ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሦስተኛው እኔ ነበርኩ። ለእናንተም ተናግሬው አላውቅም፤ የሥራ ምሥጢር ነው ብዬ።

ልጅህ ይጽፋል ሲሉኝ ሄጄ አነበብኩት። ጥሩ ነበር። ይህን አንድ ቃል ፊቱ ቆሜ ማለት አቃተኝ። የማውቀው መገምገም ነው፤ ስም የሌለው ሰው ቢነግረው ሳይከፋው ይታረማል ብዬ ገመገምኩት። ሂድ ያልኩትም እንዲሞት አይደለም። ዋሻ ውስጥ ስድስት ወር ይሠራል፣ ሰው ይለምዳል፣ መጽሐፍ ይዞ ይመጣል ብዬ ነው። ከሞተ በኋላም የምጽናናበት አንድ ነገር ነበረኝ፤ የማያውቀው መንገደኛ ቃል ነው፣ ከአንድ ጆሮው ገብቶ በሌላው ይወጣል፣ የሄደው በራሱ ፈቃድ ነው እል ነበር። የመጋቢቱ ደብዳቤሽ ሲመጣ እሱም ተወሰደብኝ። አባቱ ሂድ አለው፤ ሄደ።

አንቺ ያላየሽው ደግሞ አለ። እሑድ ምሳ ላይ ሦስት ጊዜ ጠይቆኛል። «አባባ፣ የምጽፈውን አንብበውት ያውቃሉ?» ይለኛል። መጀመሪያ ዓይኔን ያመኛል አልኩት። ሁለተኛው ላይ ጊዜ የለኝም አልኩት። ሦስተኛው ሊሄድ ሰሞን ነው፤ «ኮምፒውተር የሚባል ነገር አልወድም» አልኩት። እሱ ያኔ አድራሻዬን ማየት ከጀመረ አራት ዓመት ሆኖት ነበር። «እሺ አባባ» ብሎ የጀመረውን ጎረሰ። አንዴ እንኳ አልሳቀብኝም፣ አንዴ እንኳ አላፈጠጠብኝም። እውነቱን እንድናገር በር ይከፍትልኝ ነበር ማለት ነው፤ እኔ ደግሞ ሰሐኔን አያለሁ።

ለእናትሽ ነገርኳት። ባለፈው እሑድ ኢንተርኔት ቤቷ ሄጄ የጻፍኩለትን ሃያ ሦስቱንም አስተያየት አሳትሜ መጣሁና አንድ በአንድ አነበብኩላት። ስጨርስ «ሰው ምን አለው ስልህ የደበቅከኝ ይህንን ነበር?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ልብሴን ታጥባለች፣ ምግቤን ታቀርባለች፣ ጉልበትህ እንዴት አደረ ትለኛለች። አንብብልኝ ግን ከዚያ ወዲህ ብላኝ አታውቅም።

ሁለተኛውን ምረጪ። ሁሉንም አዛውሪ። «ሦስተኛው አንባቢ» የሚለውን ፍቂና ስሜን ጻፊበት፤ ከጎኑ «አባቱ» በይ። ይቅር በይኝ አልልሽም፤ ይቅር ማለት ያለበት ሰው አንቺ አይደለሽም።

አባትሽ


ሰኔ 24

አባባ፤

ትናንት አዛወርኩት። ገጹ ቆሟል። መቶ አሥራ ስድስቱም ገብተዋል፣ ፎቶዎቹም፣ ቀኖቹም። አድራሻውን ከዚህ ወረቀት ጀርባ ጽፌልዎታለሁ።

ደብዳቤዎን ያነበብኩት ሥራ ላይ ነው። አንድ ሰውዬ ሻንጣዬ የት ገባ እያለ ሲጮህብኝ እኔ አለቅስ ነበር፤ ደንግጦ «ሻንጣው ይቅር» አለኝ። ከዚያ ወዲህ አምስት ጊዜ ልጽፍልዎ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። ተናድጄብዎታለሁ። አዝኜልዎታለሁ ብልም ውሸት አይደለም፤ ግን ከንዴቱ በኋላ ነው የመጣው። መቼ እንደምመጣ አይጠይቁኝ።

በይለፍ ቃሉ ስገባ ያየሁትን ልንገርዎት፤ መደበቅ እዚህ ላይ ይብቃን። ጩጬ ገጹን ያሰናዳው ማንም ሰው የጻፈለት ነገር እሱ «ይለፍ» ሳይል ሰው ዓይን እንዳይገባ አድርጎ ነው። የማይወደውን ይሰርዛል። የሰረዘው ተቀምጧል፤ አርባ አንድ ነው። ሰካራም የጻፈው አለ፣ ዕቃ ሻጭ የጻፈው አለ፣ «ዝም በል፣ አትችልም» ያለው አለ። ሁሉንም አውጥቶ ጥሎታል። የእርስዎን ግን አንዷንም አልሰረዘም። ሃያ ሦስቱንም፣ ስምዎን ከጎኑ እያየ፣ በገዛ እጁ ይለፍ ብሎ አሳልፏቸዋል። አብዛኞቹን በደረሱ በደቂቃው።

አዲሱም ቤት እንዲሁ ነው የሚሠራው፤ የተዛወረውን እያንዳንዱን ቃል ባለቤቱ እንደገና ካላሳለፈው አይታይም። ሦስት መቶውን አሳለፍኩ። የሹፌሩን አሳለፍኩ፣ የነርሷን አሳለፍኩ። እማማ መስማት ከፈለገች እኔ በስልክ አነብላታለሁ፤ እሑድ ስደውል ስልኩን እሷ ታንሳ። የእርስዎንም እንዳሉኝ አደረግኩ። ሃያ ሁለቱ ላይ ስምዎ አለ፣ ከጎኑ «አባቱ» ይላል።

ሃያ ሦስተኛዋ፣ «ሂድ» የምትለዋ ላይ ስደርስ ግን ቆምኩ። እሱ አሳልፏታል፤ እኔ ግን አላሳለፍኳትም። ሰረዝኳት። ለእርስዎ ብዬ እንደሆነ ወይም በእርስዎ ላይ ጨክኜ እንደሆነ ራሴም አልለየሁትም።

የጩጬን መልስ ግን መንካት አልቻልኩም። ለብቻዋ ቀርታለች፤ «እሺ። እሄዳለሁ። አመሰግንዎታለሁ።» ትላለች። ከላይዋ ምንም የለም። ለሚያነብ ሰው ወንድሜ ማንም ሂድ ሳይለው እሺ ብሎ የሄደ ይመስላል።

ልጅዎ